ክብሪቷ ለምን አልሄደችም?

ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀዳሁ። አንዲት የክብሪት እንጨት ወድቃበት ኖሯል። ላወጣት እጄን ስሰድ ጣቴ ውሃውን ነካ። ክብ ክብ ሞገድ ተነስቶ እስከ ሳፋው ጠርዝ ደረሰ። እንጨቷ ግን ብድግ ቁጭ አለችና እዚያው ቀረች።

ተማሪ ሳለሁ «ሞገድ ኃይል እንጂ ቁስ አያጓጉዝም» የምትለውን ሸምድጄ ፈተና አልፌባታለሁ። የገባችኝ ግን ገና አሁን ነው።

ልብሱን ትቼ ጨዋታ ያዝኩ። ውሃውን መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥዬ ጠንከር አድርጌ ነካሁት። የሁለተኛው ሞገድ ቁመት፣ አምፕሊቲዩድ የሚሉት፣ ከፍ አለ። ቶሎ የሚደርስ መስሎኝ ነበር። ኧረ ወዲያ! ዓይኔ ምንም ልዩነት አላየም። ድምፅም እንዲሁ ነው። ብጮህም ባንሾካሽክም፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚያልፍበት ነገር ነው እንጂ የእኔ ጩኸት አይደለም።

ቀጥሎ የልብስ ማስጫውን ገመድ አንድ ጫፍ ፈታሁ። (ጎረቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ ምን እንዳለች አልጠየቅኩም።) ወደ ላይና ወደ ታች ሳወዛውዘው ጉብታው እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሮጠ። እጄን ሳፈጥን ጉብታዎቹ ተጠጋጉ። ድግግሞሹ፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ማለት ነው፣ ሲጨምር የሞገዱ ርዝመት፣ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ያለው፣ ያጥራል፤ ሁለቱ ሲባዙ ፍጥነቱን ይሰጣሉ። 440 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አየር ላይ የሞገዱ ርዝመት 78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የገመዱ ሞገድ ትራንስቨርስ ይባላል፤ ሞገዱ ወደ ፊት ሲሄድ ገመዱ ላይና ታች ይላል። ድምፅ ግን ሎንጊቱዲናል ነው። ወረፋ ላይ አንዱ ከኋላ ሲገፋ ግፊቱ ከሰው ሰው እየተላለፈ ፊት እንደሚደርሰው፣ አየሩም በዚያው አቅጣጫ ይጠጋጋል፣ ይሳሳል።

ብርሃን ደግሞ የሚያልፍበት ነገር ጭራሽ አያስፈልገውም። በባዶ ህዋ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። ሬዲዮም የዚሁ ዘር ነው። ብዙ ሰው የሬዲዮ ሞገድ ድምፅ ይመስለዋል፤ ድምፅ የሚሆነው ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ነው።

አጥቤ ሳልጨርስ ሰማዩ ጠቆረ። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ላይ አጉረመረመ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ መብረቁ እንግዲህ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ማለት ነው። ገመዱን ገና መልሼ አላሰርኩትም።