ጌሊርሴ፣ ጌልሴ፣ ጌልሴይዲ፦ የቱርክኛ «ከ» እና «ቢ» በሐበሻ ጆሮ

ኢስታንቡል፣ ኩምካፒና አክሳራይ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ቱርክኛን የሚለቅመው ከሥራ ቦታ ነው። ቃሉን ቶሎ ይይዛል፤ የግሡ ጭራ ግን ያመልጠዋል። አሠሪው «ያርን ጌልሜሴን ዴ ኦሉር» ሲል «ጌልሜ» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው «አትምጣ ተባልኩ» ብሎ ይደነግጣል። የተባለው «ነገ ባትመጣም ይሆናል» ነው። የሚያስደነግጠው «ጌልሜዝሴን ኢሽ ዮክ» ነው፤ «ካልመጣህ ሥራ የለም»። ልዩነቱ አንዲት «ዝ» ናት።

ይህን በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ አትማሩት። አማርኛችን ሦስቱንም ለይቶ አስቀምጦታል። «ጌሊርሴ» ከመጣ ነው፤ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። «ጌልሴ» ቢመጣ ነው፤ ሐሳብ ወይም ምኞት። «ጌልሴይዲ» ቢመጣ ኖሮ ነው፤ ያለፈ፣ ያልሆነ ነገር። የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ እንኳ አይለወጥም፦ «ቢልሴይዲም ጌሊርዲም»፣ ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር። የእኛ ከፊት የሚለጠፈው «ከ» እና «ቢ» እነሱ ዘንድ ከኋላ «ሴ» ሆኖ ይመጣል፣ ሌላ አይደለም። «ዴ» ደግሞ የእኛ «ም» ነው፦ «ጌልሴ ዴ»፣ ቢመጣም።

አንድ ግሥ እንፍታ፦ ጌል-ሜ-ሴ-ይ-ዲ-ም፣ ባልመጣ ኖሮ። «ጌል» መምጣት፣ «ሜ» አሉታ፣ «ሴ» ቢ፣ «ዲ» ያለፈ ጊዜ፣ የመጨረሻዋ «ም» እኔ። «ይ» ትርጉም የላትም፤ ሁለት ነገር የምታያይዝ ድልድይ ናት፣ ብትዘሏት ግን «ጌልሜሴዲም» የሚባል ቃል የለም። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም።

«ሴ» ወይስ «ሳ» የሚለውን ከፊቱ ያለው የመጨረሻ አናባቢ ይወስነዋል። ከ«ኤ» እና «ኢ»፣ እንዲሁም ሁለት ነጥብ ካለባቸው «ö» እና «ü» በኋላ «ሴ»፣ ከ«ኣ»፣ «ኦ» እና «ኡ» በኋላ «ሳ»። ነጥብ የሌላት የቱርክ «ኢ» የእኛው ሳድስ «እ» ናት፤ ለፈረንጅ የምትከብደው ለእኛ ቀላል ናት፣ እሷም «ሳ» ትወስዳለች፦ «አልርሳ»፣ ከወሰደ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ር» ላይ ነው። ለእውነተኛ «ከ» መጀመሪያ «ር» ያለበትን የግሡን መልክ ማውጣት ያስፈልጋል። በተነባቢ የሚያልቅ ባለ አንድ ቀለም ግሥ አብዛኛውን ጊዜ «ኣር» ወይም «ኤር» ይወስዳል፦ ያፕ፣ ያፓር፣ ያፓርሳ። መምጣት፣ መውሰድ፣ ማወቅ፣ መስጠትና መሆን ያሉበት 13 ግሥ ግን ከዚህ ይወጣል፤ እነዚህን በቃል መያዝ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። በአሉታ ጊዜ «ር» ወደ «ዝ» ይለወጣል፤ ስለዚህ «ጌልሜዝሴ»። «ር»ን ትታችሁ ለአሠሪ «ያርን ጌልሴም» ካላችሁ «ነገ ከመጣሁ» ሳይሆን «ነገ ብመጣ...» ብላችሁ እንደማማከር ይሆናል።

ለስምና ለቅጽል ቀጥታ ይለጠፋል፦ «ሀስታይሳ» ከታመመ፣ «ቫርሳ» ካለ። «ዮክሳ» ከሌለም፣ አለበለዚያም ነው። ቅድመ ሁኔታ ሊመጣ ነው ብሎ ከፊት የሚያስታውቀው «ኤየር» የሚለው ቃል ቢቀር ችግር የለውም፤ «ሴ» ከቀረች ግን «ኤየር» ብቻውን አያድናችሁም።

ጎረቤት «ጌልሴኔ!» ወይም «ኦቱርሳና!» ሲላችሁ እዚያ ውስጥ ያለችው «ሴ» ቅድመ ሁኔታ አታወጣም። «ና እንጂ»፣ «ተቀመጥ እንጂ» ነው፤ በአክብሮት ሲሆን «ኦቱርሳንዛ»፣ ይቀመጡ እንጂ።