ብርሃኑ ከዱላው ሲቀድም

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከብዙ ሳምንት ከንቱ ድካምና ከአክስቴ ልጅ ኩርፊያ እድን ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። እንጅባራ ላይ በአንድ ስልክ፣ በቀርከሃ ዱላና በአሮጌ ላፕቶፕ እንደ ስታር ዋርስ ፊልም የብርሃን ሰይፍ ፍልሚያ ያለበት ፊልም ሠርተናል። ሙሉው 9 ደቂቃ ነው። ፍልሚያው 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይፈጃል። ዛሬም ሳየው እኮራለሁ። ያን ያህል ደግሞ ያንገበግበኛል።

ታሪኩ ከ500 ዓመት በኋላ የሚሆን ነው። የግሽ ዓባይን ምንጭ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ። አንዷ ውሃው ይፍሰስ ትላለች፣ ሌላው ይታሸግ ይላል። የሚፋለሙት ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። ዘንገናን ያየ ሰው ለምን እዚያ አይለኝም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን ከቦታል። ማለዳ ጉም ሲተኛበት ሌላ ዓለም ይመስላል።

ሰይፉን ለመሥራት ገንዘብ አታባክኑ። እኛ አገር ቀርከሃ ሞልቷል። 90 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን፣ አድርቀን፣ ብርቱካናማ ቀለም ቀባነው። ብዙ ሰው አረንጓዴ ቀቡ ይላል። ደን ውስጥ አረንጓዴ ዱላ ይጠፋባችኋል፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ብርሃኑን ስትስሉበት ጠርዙን አታገኙትም። ዱላው ቀጭን ይሁን፣ ምክንያቱም በኋላ የሚሳለው ብርሃን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍነው ይገባል። ጫፉን በብስክሌት ካላማዳሪ ጠቅልሉት። ለማታው ትዕይንት ግን ዱላው ላይ የኤልኢዲ ገመድ ጠምጥመን ከባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኘነው። ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን እውነተኛ ሲሆን ተመልካች ሰይፉንም ያምናል። ይህን ኮምፒውተር ላይ ለማስመሰል መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ፍልሚያውን ያሠለጠነን አጎቴ ነው። የውጭ ፊልም እያያችሁ አትቅዱ። ጎጃም ውስጥ ዱላ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አይጠፋም። ሽመል በሁለት እጅ ተይዞ በመሐሉ ሲመከትበት ለካሜራም ግልጽ ነው። «አያ፣ ትንሽ ፈጠን እንበል?» ስንለው «ቀስ በል፣ መጀመሪያ እግርህን አሳየኝ» ይለን ነበር። አንድም ሰው ሳይጎዳ የጨረስነው በእሱ ነው።

ፈቃድ ላይ አራት ቀን ጠፋ። አንዱ ቢሮ ከሌላው ደብዳቤ አምጡ ይላል፣ ያኛው ደግሞ መጀመሪያ ከዚያኛው ይላል። ማኅተም የያዘውን ወረቀት ይዘን ስንደርስ የቦታው ጥበቃ «እኔ ይህን አላውቀውም» አሉን። ደንቡ መጀመሪያ ቢሮ ሂዱ ነው የሚለው። እኔ ግን መጀመሪያ ጥበቃውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አናግሩ፣ ዱላውንም አሳዩአቸው እላለሁ። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

የቀኑ ቀረጻ ሦስት ማለዳ ፈጀ፤ ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ትልቁ ጥፋት የተሠራውም እዚያው ነው፣ ያኔ ግን ማናችንም አላየነውም።

ከዚያ በፊት አጭር የቪዲዮ ሥልጠና ወስጄ ነበር። አሠልጣኙ «ስልክ ከሆነ አውቶማቲክ ላይ ተውት፣ ስልኩ ከእናንተ የተሻለ ያውቃል» አለን። ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ዛሬም ያ መስመር ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል። ስልኩን 30 ፍሬም በሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ 30 ምስል፣ ላይ አድርጌ ሌላውን ሁሉ ለራሱ ተውኩት።

የብርሃን ሰይፍ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ላስረዳ። ዱላውን በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ እየከበቡ መሳል ነው። ሮቶስኮፕ ይባላል። አኒሜተሩ ማክስ ፍሌይሸር ለዘዴው በ1915 እ.ኤ.አ. ፓተንት ጠይቆ በ1917 አግኝቷል። ዛሬም ዋናው ሥራ ያው የእጅ ሥራ ነው። የተሳለውን ቅርጽ ነጭ ታደርጉትና ጠርዙን ትንሽ ብለር ትሰጡታላችሁ፣ ማለትም ታደበዝዙታላችሁ። ኮፒ አድርጋችሁ ቀለም ትሰጡታላችሁ፣ የበለጠ ብለር ታደርጉታላችሁ። ሦስተኛውን ደግሞ በጣም ሰፊ። ከዚያ ሁሉንም በስክሪን ወይም በአድ ሞድ (ከሥር ያለውን ምስል የሚያደምቁ የማዋሃጃ ዓይነቶች ናቸው) ቪዲዮው ላይ ማስቀመጥ ነው። የልጅቷን ሰይፍ የአደይ አበባ ቢጫ አደረግነው። ዱላው በፍጥነት ሲወናጨፍ ምስሉ እንደ ማራገቢያ ይሰፋል፤ ያኔ ቀጭን መስመር አትሳሉ፣ የደበዘዘውን ቦታ በሙሉ ክበቡት።

2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ በ30 ሲባዛ 4,800 ፍሬም ነው። ለሁለት ሰይፍ 9,600። አንዱን በግማሽ ደቂቃ ብትስሉት 80 ሰዓት ይሆናል። እኔና የአክስቴ ልጅ ተካፈልነው። የእያንዳንዱን ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቁራጭ) የመጀመሪያ ግማሽ እኔ ቀን፣ ሁለተኛውን እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማታ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። እማዬ ሌሊት ተነስታ «ልጁን አስተኛው እንጂ» ትለኝ ነበር።

የሳልነውን አውጥቼ ኤዲት የማደርግበት ፕሮግራም ላይ ከቪዲዮው ጋር ሳገጣጥም የእኔው ክፍል ልክ ሆነ። የእሱ ግን አልገጠመም። ረጅሙ ሾት 52 ሴኮንድ ነው። ፀሐይ ላይ፣ ውሃው ዳር ይጀምርና ተፋላሚዎቹ እየተገፋፉ ዛፎቹ ሥር ይገባሉ። እስከ 22ኛው ሴኮንድ ድረስ ብርሃኑ ዱላው ላይ ተጣብቋል። ከዚያ በኋላ መቅደም ይጀምራል። ዱላው ገና ሳይነሳ ብርሃኑ ተነስቷል። መጨረሻ ላይ 6 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ባዶ አየር ላይ ይወናጨፋል።

ልጁን ጠራሁት። «ተኝተህ ነው እንዴ ስትስል የነበረው?» አልኩት። እናቱ ፊት ነው ይህን ያልኩት። ዝም ብሎ ሄዶ ሦስት ሌሊት እንደገና ሳለው። ያው ሆነ። «ልክ ነው የሳልኩት፣ እዚህ ሲታይ ልክ ነው፣ ናና እይ» አለኝ። የሚያሳየኝ የምንስልበትን ፕሮግራም ነበር። አልሄድኩም። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ እዚያ ዱላው ላይ እንደገጠመ በዓይኔ አይ ነበር። እኔ ግን ተናድጄ የእሱን ፎልደር በሙሉ አጠፋሁት። ራሴ ልሥራው አልኩ።

ስምንት ቀን ሳልኩ። ገጣጠምኩት። ብርሃኑ በ22ኛው ሴኮንድ ላይ መቅደም ጀመረ።

ያን ቀን ምሽት ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ቪዲዮውን ከፈትኩት። በሴኮንድ ያለው የፍሬም ብዛት «ተለዋዋጭ» ነው ይላል። ስልክ አውቶማቲክ ላይ ሲሆን ብርሃን ሲያንሰው እያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ጊዜ ብርሃን እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ለዚህ ሲል በሴኮንድ የሚያነሳውን ፍሬም ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ 30 ያነሳ የነበረው ዛፍ ሥር ሲገባ ወደ 24 ወርዷል። 52 ሴኮንዱ ውስጥ 1,560 ፍሬም ሊኖር ሲገባ የነበረው 1,380 ነው። የምንስልበት ፕሮግራም ፍሬሞቹን በተርታ ቆጥሮ በ30 ያጫውታቸዋል። ኤዲት የማደርግበት ግን እያንዳንዱ በተነሳበት ሰዓት ያስቀምጣቸዋል። ጥላ ውስጥ ሁለቱ ተለያዩ። ጥላው ደግሞ ሁልጊዜ የሾቱ ሁለተኛ ግማሽ ላይ፣ የልጁ ድርሻ ላይ ነበር።

ምልክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቴ ነበር። የምንስልበት ፕሮግራም የዚያን ሾት ርዝመት 46 ሴኮንድ ብሎ ይጽፍ ነበር። 1,380ን ለ30 ማካፈል ነው። አይቼው አልፌዋለሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ በኋላ የገባኝ ነው። የልጁ ሥራ ሊድን ይችል ነበር። ቪዲዮውንም ብርሃኑንም እዚያው ፍሬሞቹን በተርታ በሚቆጥረው ፕሮግራም ላይ ብናዋህድ ኖሮ ይገጥም ነበር። እንቅስቃሴው ትንሽ ይፈጥናል፣ ለፍልሚያ ደግሞ ያ ነውር አይደለም። እኔ ግን አጥፍቼዋለሁ። የጥላውን ክፍል ሁሉ እንደ አዲስ ሳልኩት፣ ብቻዬን።

እንግዲህ የምላችሁ ይህን ነው። አውቶማቲክ ላይ አትቅረጹ። ኦፕን ካሜራን የመሰለ ነፃ አፕ ጫኑና ስልካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ 25 ፍሬም ላይ፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ ቆልፉት። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ ስትቀርጹም ምስሉ አይርገበገብም። 60 ፍሬም ይሻላል የሚሏችሁን አትስሙ፣ የምትስሉት ሰይፍ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቆልፋችሁም ስልኩን አትመኑት። አንድም ሰይፍ ሳትስሉ ቪዲዮውን ሀንድብሬክ የሚባል ነፃ የቪዲዮ መቀየሪያ ላይ አስገቡና «ኮንስታንት ፍሬምሬት» (የማይለዋወጥ የፍሬም ብዛት) የሚለውን ራሳችሁ ምረጡ። ከዚያ በሌላ ፕሮግራም ወደ ተራ ቁጥር ወዳላቸው ምስሎች ቀይሩት። 1,300ኛው ፍሬም ለሁሉም ፕሮግራም ያው 1,300ኛ ፍሬም ይሆናል። አሁን የምንስለው ብሌንደር ላይ ነው። ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ቅርጽ የሚከበብበት ማስኩም ጥሩ ነው።

ሬንደር ስታደርጉም (የጨረሳችሁትን ስታወጡም) ወደ አንድ ቪዲዮ ሳይሆን ወደ ፒኤንጂ ምስሎች አውጡ። መብራት ሲጠፋ ቪዲዮው ይበላሻል። ምስሎቹ ግን እስከ ደረሱበት ይቀመጣሉ፣ መብራት ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። ይህን ለመማር ሁለት ሌሊት ከፍያለሁ።

ድምፁ ቀላሉ ነበር። የፍሪጅ ሞተር ቀዳንና በስፒከር እያጫወትን ሌላ ስልክ ከፊቱ አወናጨፍን። ድምፅ ባለሙያው ቤን በርት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የፊልም ማሳያ ሞተርና የቴሌቪዥን ጉርምርምታ ተጠቅሞ የስታር ዋርስን የብርሃን ሰይፍ ድምፅ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለወራት አላናገረኝም። ይቅርታ የጠየቅኩት እናቱ ፊት ነው፣ የሰደብኩት እዚያ ስለነበር። አሁን ሁለተኛ ፊልም ጀምረናል። የሚሠራው በአንድ ስምምነት ነው፦ የቀረጽነውን ሁሉ መጀመሪያ ሚዲያኢንፎ ላይ የሚከፍተው እሱ ነው፣ እሱ ልክ ነው ሳይል እኔ አልነካም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሾት መልሶብኛል።