ከቅቤ ጋር የታረቅኩበት መንገድ

ቅቤ በተፈጥሮው የማይስማማው ሰው አለ። እኔ ከእነዚያ ወገን አልነበርኩም። በልጅነቴ ቅቤ ተነጥሮ ከተጠለለ በኋላ ከድስቱ ሥር የሚቀረውን በእንጀራ ጠርጌ የምበላ፣ ለዚያም ከወንድሞቼ ጋር የምጣላ ነበርኩ። የጠላሁት ካደግኩ፣ ካገባሁና የራሴን ማጀት ከያዝኩ በኋላ፣ በአንድ ፋሲካ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁዳዴን ጾሜ ስጨርስ እንደማንኛውም ሰው ዶሮ ወጥ በላሁ። ከሰዓት በኋላ አቅለሸለሸኝ፤ ማታ ደጋግሞ አስመለሰኝ። ቤተሰቡ በሙሉ «ከጾም በኋላ ሆድ ይደነግጣል» ብሎ ተወው። ቀናት ሲያልፉ ሽንቴ ጠቆረ፣ የዓይኔ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆነ። የደም ምርመራው ውጤት ሄፓታይተስ ኤ ሆነ፤ እናቴ «የወፍ በሽታ» የምትለው ነው። ይህ በሽታ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 28 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ያሳመመኝ በጾሙ መካከል የጠጣሁት ውኃ ወይም በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ሊሆን ይችላል። ዶሮ ወጡ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ከበሽታው ሙሉ በሙሉ ከዳንኩ በኋላም ጎረቤት ቅቤ ሲያነጥር ሽታው በመስኮት ሲገባ ሆዴ ይገለበጥ ነበር። የተነጠረ ቅቤ ያለበት ወጥ ሲቀርብ ደግሞ ገና ሳልቀምሰው ምራቄ አፌን ይሞላዋል፤ ከማስመለስ በፊት የሚመጣው ያ ቀጭን ምራቅ። በእኛ አገር ከዚህ ነገር መሸሽ ቀላል አይደለም። ሠርጉ ቅቤ ነው፣ ክርስትናው ቅቤ ነው፣ አራሷን ልትጠይቅ የሄድክበት ገንፎ መካከሉ ላይ የቅቤ ኩሬ አለው። ከሁሉም የከፋው ጉርሻ ነው። የባለቤቴ እናት ክትፎውን ጠቅልለው፣ ቅቤው በጣቶቻቸው መካከል እየተንጠባጠበ፣ «በሞቴ፣ አንዷን ብቻ ልጄ» ሲሉኝ እንዴት ብዬ እምቢ ልበላቸው? አንድ ጊዜ ጎረስኩላቸው። ጓሮ ድረስ መድረስ ችያለሁ፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። እርሳቸው ለዓመቱ በዓል ሁሉ «ተደፋፍረሽ ብትበዪው ይተውሽ ነበር» ይሉኝ ነበር። ይህ ምክር በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም ልክ አይደለም። ተገድጄ በጎረስኩና ባስመለሰኝ ቁጥር ሰውነቴ «ድሮም ብያችሁ ነበር» እያለ ጥላቻውን ያጠነክረዋል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ስለ ነገሩ ማንበብ ስጀምር ይህ ጠባይ የእኔ ብቻ ሳይሆን የእንስሳም እንደሆነ ተረዳሁ። በ1955 እ.ኤ.አ. ጆን ጋርሲያ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አይጦች በሳካሪን የጣፈጠ ውኃ እየጠጡ ጋማ ጨረር እንዲያርፍባቸው አደረገ። ጨረሩ ያሳምማል፤ አይጦቹ ግን ከዚያ በኋላ የሸሹት ጣፋጩን ውኃ ነው። በ1966 ደግሞ አይጦች ጣዕም ያለው ውኃ ሲጠጡ ብርሃን ብልጭ እንዲልና ድምፅ እንዲሰማ ተደረገ። እንዲታመሙ የተደረጉት ጣዕሙን ጠሉ፤ በኤሌክትሪክ የተነዘሩት ግን ብርሃኑንና ድምፁን ፈሩ። ሆድ ሲታመም አእምሮ የሚከሰው የተቀመሰውን ነው ማለት ነው። ለዚህም አንድ ጊዜ መታመም ይበቃል፤ በመብሉና በሕመሙ መካከል ሰዓታት ቢያልፉም ክሱ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ የፋሲካ ማዕድ ላይ እንጀራም በልቻለሁ፣ በርበሬም በልቻለሁ፣ ሽንኩርትም በልቻለሁ። አንዳቸውንም አልጠላኋቸውም። ዘወትር የምንበላው ነገር በቀላሉ አይከሰስም፤ ጥርጣሬው የሚያርፈው በእንግዳው ላይ ነው። ለ55 ቀናት ያልቀመስኩት ቅቤ ደግሞ በዚያ ቀን እንግዳ ሆኖ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ ያደረግኩት በትክክል የምጠላው ምን እንደሆነ መለየት ነው። ፍንጩን ያገኘሁት ከፀጉሬ ነው፤ ለጋ ቅቤ ስቀባ ምንም አይለኝም ነበር። እንግዲያው ጉዳዩ ከቅመሙ ነው ብዬ ለማንጠሪያ የሚገቡትን አንድ በአንድ፣ በተለያየ ቀን ማሽተት ጀመርኩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና አብሽ ምንም አላሉኝም። በሶብላም ደህና ነው። ኮረሪማ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ያዝ አደረገኝ። የደረቀውን የኮሰረት ቅጠል በመዳፌ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ያ ምራቅ መጣ። እናቴ ኮሰረት አብዝታ ነው የምታነጥረው፤ የፋሲካውም ቅቤ የእርሷ ነበር። «ቅቤ ጠላሁ» ስል የኖርኩት በአብዛኛው ኮሰረትን ነው።

ከዚያ ያለ ኮሰረትና ያለ ኮረሪማ፣ በሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በእርድ ብቻ ትንሽ ቅቤ አነጠርኩ። ያነጠርኩት ማጀት ውስጥ ሳይሆን ግቢ ውስጥ፣ ከሰል ላይ ነው፤ ሽታው እንዳይታፈን። መጀመሪያ የቀመስኩት በቂንጬ ነው። ዘይት ጨምሬ ቅቤውን በማንኪያ ጫፍ ብቻ ጠብ አደረግኩበት፤ ቂንጬውም ለብ ብሎ ነበር፤ ትኩስ ምግብ ሽታውን ስለሚረጭ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው፤ ገና ሳይሰለቸኝ፣ የማቅለሽለሹ ስሜት ሳይጀምር ማቆም። ያመመኝ፣ እንቅልፍ ያጣሁ ወይም በጣም የራበኝ ቀን አልሞክርም። ባለቤቴ «ይህን ያህል ፍርሃት ለቅቤ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ።

ኮረሪማን ያስታረቀኝ ቡና ነው። ጥቂት ፍሬ አብሬ ወቅጬ በጀበና አፈላሁት። በቡናው ሽታ ውስጥ ተሸፍኖ ሲመጣ ሰውነቴ አላወቀውም፤ ሳያውቀው ለመደው። ቆይቼ ወደ ቂንጬው ቅቤ አስገባሁት፣ ቀጥሎ ወደ ሽሮ። ዶሮ ወጥን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት፤ እርሱ የሕመሙ ቦታ ስለሆነ።

በዚህ መካከል አንድ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ተሻለኝ ብዬ ከተዝናናሁ በኋላ ቀጣዩ ሁዳዴ ገብቶ ሲፈታ ጥላቻው ተመልሶ አገኘሁት። እንደ በፊቱ ባይሆንም ነበረ። በኋላ እንዳነበብኩት እንዲህ ያለ ትምህርት ከአእምሮ አይፋቅም፤ አዲስ ትምህርት ከላዩ ይደረብበታል እንጂ። አዲሱ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ሲቀር አሮጌው ብቅ ይላል። ሁለተኛው ዙር ግን ከመጀመሪያው በጣም አጭር ነበር። አሁን ጾም ሲፈታ የምጀምረው በቂንጬ ነው፤ ዶሮው ጥቂት ቀን ይጠብቀኛል። ኮሰረትን ግን እስከ ዛሬ ማጀቴ አላስገባሁትም፤ ሁሉንም ጦርነት ማሸነፍ ግድ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ቅባት ያለው ነገር በድንገት ማስጠላት የጀመረው ሰው መጀመሪያ ይመርመር። የጉበትም፣ የሐሞት ከረጢትም ሕመም እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ እርግዝናም እንዲሁ። ጥላቻው ከአንድ ምግብ ወደ ብዙ እየተዛመተ ክብደት የሚቀንስ ከሆነም በቤት ውስጥ ሙከራ የሚመለስ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ለሌላ ሰው የጠቀመኝ ስለ አስታማሚነት የተማርኩት ነው። እኛ ሰው ሲታመም የሚወደውን ምግብ ሠርተን እንሄዳለን። ልጅ መራራ ክኒን እምቢ ሲል ደቁሰን ከወተት ጋር እንቀላቅልለታለን፤ ከዚያ ወተት ጠላ ብለን እንማረራለን። አይሊን በርንስታይን የተባሉ ተመራማሪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከኬሞቴራፒ (ከሚያቅለሸልሸው የካንሰር መድኃኒት) በፊት ያልተለመደ ጣዕም ያለው አይስክሬም የበሉ ሕፃናት በኋላ ያንን አይስክሬም ሸሽተዋል። በ1987 ደግሞ እርሳቸውና ባልደረባቸው ሕፃናቱ ከምግባቸው በኋላ፣ ከሕክምናው በፊት፣ ለየት ያለ ጣዕም ያለው ከረሜላ እንዲበሉ አደረጉ፤ ጥላቻው ወደ ከረሜላው ሲዞር የዘወትር ምግባቸው በመጠኑ ተረፈ።

የባለቤቴ ዘመድ ኬሞቴራፒ ስትጀምር ይህንን ነገርኳት። ሐኪሟን ጠይቃ ሲፈቅድላት ሽሮ፣ እርሷ ያለ እርሱ የማትኖረው ምግብ፣ በሕክምናው ቀን ከቤት እንዲጠፋ አደረግን። በእነዚያ ቀናት የምትይዘው ከሱቅ የተገዛ፣ ቀምሳው የማታውቀው የሎሚ ከረሜላ ነበር። ጠያቂ ሁሉ ሳህን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ «ሐሙስ አምጡላት፣ ዛሬ አይሆንም» እያልኩ የተቀየመኝ ተቀይሞኛል። ሕክምናዋን ጨርሳለች። ሎሚ ያለበት ነገር ዛሬም አታስጠጋም፤ ሽሮዋን ግን ትበላለች።