ውሃ ሽቅብ ሲሄድ

ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የፓምፕ ሠራተኛ ነበሩ። ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናው ሲያቃስት ሳቁ። «አየህ ልጄ፣ የሐረር ውሃም እንዲሁ እያቃሰተ ነው የሚወጣው።»

ሐረር ተወልጄ እንዲህ አስቤው አላውቅም! ድሮ ውሃችን ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ከታች፣ ድሬዳዋ አካባቢ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች መሳብ ግድ ሆነ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መሃል ላይ ሐረማያና አወዳይም ከዚያው መስመር ይጠጣሉ። አንድ መስመር፣ ሦስት አስተዳደር፦ ድሬዳዋ፣ ኦሮሚያ፣ ሐረሪ።

ታች መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም እኮ ላይ ያለችው አክስቴ ናት ጀሪካን የምትደረድረው።

«ቧንቧ ሲፈነዳ ከሌላው አስተዳደር ጋር ስልክ ከተደዋወልን ቶሎ እንጨርሳለን» አሉ ሰውዬው። «ደብዳቤ ከተጻጻፍን ግን...» እጃቸውን አወናጨፉ። እኔም የገባኝ ይሄው ነው። መለዋወጫና ባለሙያ መዋዋስ ከአዲስ ጉድጓድ ሳይረክስ አይቀርም።

አክስቴ ቤት ስደርስ ሮቶው ባዶ ነው። «ፈረቃችን ነገ ነው» አለችኝ። ለቡና የሚሆን ግን ደብቃለች።