ዳኛ ተከርና የ105 ዓመቱ ነጻነት

ሴንት ጆርጅ ተከር ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፣ ቤተሰቡ ያወጣለት መጠሪያ ነው። በ1752 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቤርሙዳ ተወልዶ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ቨርጂኒያ ገባ። ዊልያምስበርግ ውስጥ ሕግ ያስተማረው ጆርጅ ዊዝ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ተከር አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ በወጣችበት ጦርነት ተዋግቶ በ1788 የቨርጂኒያ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፣ በ1790 ደግሞ የመምህሩን የዊዝን የሕግ ፕሮፌሰርነት ወንበር ወረሰ።

ማስተማር ሲጀምር የገጠመው ችግር የመጽሐፍ ነበር። የዘመኑ ሕግ ተማሪ የሚያነበው እንግሊዛዊው ብላክስቶን የጻፈውን ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ንጉሥና ስለ ፓርላማ ሥልጣን የሚያትት ነው። ንጉሥ የሌለበት አገር ተማሪ ይህን እንዳለ ቢሸመድድ ተሳስቶ ጠበቃ ይሆናል። ተከር መጽሐፉን አልጣለውም። ዋናውን ጽሑፍ እንዳለ ትቶ የቨርጂኒያ ሕግ በሚለይበት ቦታ ሁሉ የግርጌ ማስታወሻ አስገባ፣ ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥትም ረጃጅም አባሪዎች ጨመረ። በ1803 ፊላዴልፊያ ላይ በአምስት ቅጽ ታተመ። መሣሪያ ስለመያዝ መብት የጻፈውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሳይቀር ጠቅሶታል።

በዳኝነቱም ቢሆን ደፋር ነበር። በ1793 እሱ ከተሰየመባቸው አምስት ዳኞች ፊት የቀረበ ጉዳይ ላይ፣ የክልሉ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ሕገ መንግሥቱን ስለሚጥስ አይሠራም ተብሎ ተወሰነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ሕግ የሻረበት ዝነኛው የማርበሪ ፍርድ ገና አሥር ዓመት ይቀረው ነበር።

ሰውየውን በደንብ የሚያሳየው ግን በ1796 ያሳተመውና ለቨርጂኒያ ምክር ቤት የላከው ባርነትን የማስቀሪያ ዕቅድ ነው። በ1790ው ቆጠራ ቨርጂኒያ ውስጥ 292,627 ባሮች ነበሩ። ዕቅዱ ከእነዚህ አንዱንም ነጻ አያወጣም። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ የምትወለድ ሴት ነጻ ትሆናለች፣ ነጻነቷም ለልጆቿ ይተላለፋል፤ ግን እስከ 28 ዓመት ያገለግላሉ። ሲለቀቁ 20 ዶላር፣ ሁለት ሙሉ ልብስ፣ አንድ ባርኔጣ፣ አንድ ጥንድ ጫማና ሁለት ብርድ ልብስ ይሰጣቸዋል።

«የምትወለድ ሴት» የሚለውን ልብ በሉ። ወንዱ የለበትም። በሕጉ ዋዜማ የተወለደች ባሪያ በ45 ዓመቷ ወንድ ልጅ ብትወልድ፣ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ባሪያ ነው፤ 60 ዓመት ከኖረ ባርነት የሚያበቃው ከ105 ዓመት በኋላ ነው። ነጻ የወጡትም ሹመት አይዙም፣ ከ21 ዓመት ኪራይ ያለፈ መሬት አይኖራቸውም፣ መሣሪያ መያዝም በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። መሣሪያ የነጻነት ዋና ጠባቂ ነው ያለው ያው እጅ ነው የጻፈው! ስሌቱ ባለባሮቹን ሳያስደነግጡ ማግባባት ነበር። አልሠራም፤ ምክር ቤቱ ረቂቁን ወደ ጎን አደረገው። ተከር ራሱም ባለባሪያ እንደሆነ ኖሯል።

ወደ ዊዝ እንመለስ። ራይት የሚባሉ ሰዎች ከአንዲት ነጻ የአገሬው ተወላጅ ሴት በእናት በኩል እንወለዳለን ብለው ሃጅንስ በሚባል ጌታቸው ላይ ከሰሱ። ከ1662 ጀምሮ በቨርጂኒያ ልጅ የሚከተለው የእናቱን ሁኔታ ስለነበር የጉዳዩ ቁልፍ እናትየዋ ናት። አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ ችሎት ላይ ቆሙ። ጉዳዩን በዳኝነት ያየው ዊዝ የቆዳቸው ቀለም ከትውልድ ትውልድ እየነጣ መሄዱን፣ የትንሿም ፍጹም ነጭ መሆኑን አይቶ ነጻ ናቸው አለ። ምክንያቱን ግን ሰፋ አደረገው፦ ነጻነት የሰው ሁሉ የልደት መብት ስለሆነ የማስረዳት ሸክሙ ባሪያዬ ነው በሚለው ላይ ይወድቃል።

ይግባኙ በ1806 ተከር ካለበት ችሎት ደረሰ። ተከር ውጤቱን አጸና፣ ምክንያቱን ግን ቆረጠው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ ነው የሚለው የቨርጂኒያ የመብቶች መግለጫ ሲረቀቅ ባሮችን እንዳይጨምር ታስቦበት ነው አለ። ከዚያ የማስረጃውን ሸክም በመልክ ከፈለው፦ ነጭ ወይም የአገሬው ተወላጅ የሚመስል ሰው ነጻ እንደሆነ ይገመታል፣ ባሪያ ነው ባዩ ያስረዳ፤ ጥቁር የሚመስል ባሪያ እንደሆነ ይገመታል፣ ነጻነቱን ራሱ ያስረዳ። ሸክሙን እንዴት ይወጣዋል? ሁለት ሦስት ትውልድ ወደኋላ ሄዶ የሴት አያቱን ማንነት የሚመሰክር ሰው ማግኘት አለበት፤ ምስክሩ ከሌለ ክሱ ያኔውኑ አበቃ።

ራይቶች ነጻ ወጡ። ዊዝ በዚያው ዓመት ሞቷል። ተከር ከ1813 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ማዲሰን የሾመው የፌዴራል ዳኛ ሆኖ እስከ 1825 ሠርቶ በ1827 አረፈ፤ በመልክ የከፈለው ሸክም ግን በቨርጂኒያ ችሎቶች ሕግ ሆኖ ቀጠለ።