የማይነክሱ ሙታን፦ የዋህ ዞምቢዎች ያሉበትን የምርመራ ልብ ወለድ እንዴት እንደጻፍኩ

ሙታን በሚነሡበት መንደር ውስጥ ሰው ቢገደል፣ መርማሪው ሟቹን ጠርቶ «ማን ገደለህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሟቹ ከመለሰለት ልብ ወለዱ ገና ሳይጀመር ያበቃል። የዋህ ዞምቢዎች ከሕያዋን ጋር ጎን ለጎን የሚኖሩበት፣ ቀለል ያለና ፈገግ የሚያሰኝ የምርመራ ልብ ወለድ ለመጻፍ ስነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የተጋፈጥኩት ችግር ይህ ነበር። ረቂቁን ጨርሼ ወደ ኋላ ስመለከት፣ ያወጣኋቸው ደንቦች፣ የመረጥኳቸው ገጸ ባሕርያትና የሴራው አካሄድ በሙሉ የተወለዱት ከዚሁ ችግር እንደሆነ አስተዋልኩ።

ኮዚ ሚስትሪ በሚል ስም የሚታወቀው የድርሰት ዘርፍ ጥብቅ ልማዶች አሉት። ወንጀሉ የሚፈጸመው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው፤ ምስጢሩን የሚፈታው ብዙ ጊዜ ሙያው ምርመራ ያልሆነ ተራ ነዋሪ ነው፤ ግድያው ከአንባቢው ዐይን ርቆ ይፈጸማል፤ በመጨረሻም እውነቱ ይገለጣል። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርመራ ልብ ወለድ ዐሥር ደንቦችን ባወጣ ጊዜ፣ ሁለተኛው ደንብ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ የሆነን ኃይል ሁሉ የሚከለክል ነበር። ስምንተኛው ደግሞ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያውኑ ለአንባቢ እንዲያሳይ ያዛል። የእኔ መንደር ሁለተኛውን ደንብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስለሚጥስ፣ ስምንተኛውን በእጥፍ ጥንቃቄ ማክበር እንዳለብኝ ወሰንኩ። አንባቢ ሙታን መነሣታቸውን ያለ ማብራሪያ ይቀበላል፤ መጨረሻው ላይ ድንገት ከሰማይ የወረደ መፍትሔ ግን አይቀበልም፤ ባይቀበልም እውነት አለው።

ዞምቢዎቼን የዋህ ለማድረግ ስወስን ከየት እንደመጡ ማጥናት ግዴታዬ ነበር። ሰው የሚበላው፣ በመንጋ የሚጓዘውና በንክሻ የሚዛመተው ዞምቢ ዕድሜው አጭር ነው፤ በአብዛኛው የተቀረጸው ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው ፊልም ሲሆን፣ በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል እንኳ አንድ ጊዜ አልተነገረም። የቀደመው ዞምቢ የሄይቲ ነው። ሄይቲ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሪያዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ እስኪሞቱ ይሠሩ ነበር። ሕዝቡ በአመፅ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1804 ነጻነቱን ካወጀ በኋላም፣ ያ መከራ በሕዝብ እምነት ውስጥ አሻራውን ትቶ አለፈ። በዚያ እምነት ዞምቢ ማለት ሞቶ እንኳ ማረፍ ያልተፈቀደለት፣ ፈቃዱን ተነጥቆ ለጌታው የሚሠራ ምስኪን ነው። የሄይቲ ሰው የሚፈራው በዞምቢ መበላትን አይደለም፤ ራሱ ዞምቢ ሆኖ መቅረትን ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የዋህነታቸው እኔ የፈለሰፍኩት ጌጥ አለመሆኑ ገባኝ፤ በታሪኩም ውስጥ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አመንኩ።

ስለዚህ ደንቦቹን አወጣሁ፤ ሦስት ብቻ ናቸው። ከሞት የተነሣ ሰው የሞተበትን ዕለት አያስታውስም። ይህ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሰው ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውን ብዙ ጊዜ እንደማያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ደንብ፣ የተነሣ ሰው ፈጽሞ አይዋሽም፣ ነገር ግን የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል የሚል ነው። ሦስተኛውን የወሰድኩት በቀጥታ ከሄይቲ እምነት ነው፤ ጨው የቀመሰ ዞምቢ መሞቱን ያውቅና ወደ መቃብሩ ተመልሶ ያርፋል። ሦስቱንም በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ፣ የመንደሩ ነዋሪ ለአዲስ እንግዳ በሚያስረዳበት ተራ ጭውውት ውስጥ አስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ አራተኛ ደንብ መጨመርን ለራሴ ከለከልኩ። ሴራው ሲጠብብኝ አዲስ ደንብ መጨመር ቀላሉ መውጫ ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ጨዋታው በመሃል መቀየሩን ስለሚያውቅ ከዚያ ወዲያ የሚሰጠውን ፍንጭ ሁሉ መመርመር ያቆማል።

የመጀመሪያው ደንብ ሟቹን ዝም ሲያሰኘው፣ ሁለተኛው ግን ከጠበቅኩት በላይ ፍሬያማ ሆነልኝ። የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ምስክር ማለት የምርመራው ክብደት ሁሉ በጥያቄው ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እንድትሆን የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ሰዎች የሚፈልጉትን መጽሐፍ በትክክል መጠየቅ ሲያቅታቸው ጥያቄያቸውን አብራ ስታስተካክል የኖረች ሴት ናት። ዋነኛው ምስክር ከብዙ ዓመት በፊት ሞቶ የተነሣ ሽማግሌ አትክልተኛ ሲሆን፣ ግድያው በተፈጸመበት ሌሊት ከሟቹ ሱቅ ፊት ለፊት አበባ ሲያጠጣ ነበር።

«አባባ፣ በዚያ ሌሊት በሱቁ በር የገባ ሰው አይተዋል?»

«አላየሁም፣ ልጄ።»

ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ መርማሪዋን ለበርካታ ምዕራፎች የሚያሳስታትም እውነት በመሆኑ ነው። በበሩ የገባ ሰው አልነበረም። ሟቹን ተሸክመው በጓሮ በኩል የገቡ ግን ነበሩ፤ ያንን የጠየቀው የለም። እንዲህ ያለውን ጥያቄና መልስ በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ጠንቃቃ አንባቢ ጥያቄው ጠባብ እንደነበር ልብ ሊል ይችላል። እነዚህን ንግግሮች ስጽፍ አስቀድሜ አትክልተኛው ያየውን ሁሉ በዝርዝር ጻፍኩ፤ ቀጥሎም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ምንም ሳይወጣ የሚያልፍበትን ጥያቄ ፈለግኩ። የተገላቢጦሹን መንገድ ማለትም ንግግሩን አስቀድሞ ጽፎ ምስክሩ ያየውን በኋላ መወሰንን አልመክርም፤ ምስክሩ ሳይታወቅ ወደ ውሸት ይንሸራተታል፣ ደንቡም ይፈርሳል።

የግድያው መነሻ ምክንያት ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ሊቆይበት የሚገባውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውርስ፣ ቅናት፣ የቆየ ቂም፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም መንደር ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዞምቢዎቹን ከታሪኩ ብናወጣቸው ምንም አይጎድልም። እኔ የፈለግኩት ዞምቢዎቹ የዋህ ባይሆኑ ኖሮ ሊፈጸም የማይችል ወንጀል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ወደ ሄይቲ ታሪክ ስመለስ ነው። የእኔ ዞምቢዎች አይደክሙም፣ አይቆጡም፣ በትሕትና የጠየቃቸውንም ሰው እምቢ አይሉም። እንግዲያው አንድ ሰው ሌሊት ሌሊት የጡብ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ክፍያ እንዲሠሩለት በትሕትና ቢጠይቃቸውስ? ማንም አላስገደዳቸውም፤ ነገሩንም ማንም አልደበቀውም። ምስጢር ሆኖ የኖረው ከመንደሩ ሰው አንዱም እንኳ «ሌሊቱን የት ታድራላችሁ?» ብሎ ጠይቋቸው ስለማያውቅ ብቻ ነው። ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የፋብሪካውን የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ሲጠግን፣ ማሽኑ የሠራበት ሰዓት ከቀኑ የሥራ ሰዓት እጅግ እንደሚበልጥ አየ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እዚህ አልናገርም፤ ከፋብሪካው ትርፍ የተጠቀሙት ብዙ ናቸው።

ይህን ካገኘሁ በኋላ ፍንጮቹ በቀላሉ መጡ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዞምቢዎቹ ጫማቸው ላይ ቀይ አቧራ ይዘው ይታያሉ፤ ነዋሪዎቹም የመቃብር አፈር ነው ብለው ያልፉታል። ትንሽ ቆይቶ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም የመቃብሩ አፈር ጥቁር መሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል። ሁለቱን ለማገናኘት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንባቢው እጅ አለ።

ሌላው ፍንጭ ከሕክምና የመጣ ነው። ሰው ሲሞት ደሙ መዘዋወሩን ስለሚያቆም፣ በስበት ኃይል ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርድና ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ይፈጥራል፤ ከወለል ጋር የተጣበቀው ቦታ ግን ተጭኖ ስለሚቆይ ነጣ ብሎ ይቀራል። ይህ ቀለም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ በአብዛኛው ስለሚጸና፣ ከዚያ ወዲያ አስከሬኑ ቢንቀሳቀስም ቦታውን አይለቅም። ሰዓት ሠሪው የተገኘው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሆን፣ ሁሉም በእርጅና በሰላም እንዳረፈ አምነው ቀበሩት። ከተነሣ በኋላ ግን አዲስ ኮት ሊሰፋለት ልኩን የወሰደው ልብስ ሰፊ፣ ቀለሙ እግሩ ላይ መሆን ሲገባው ጀርባው ላይ መሆኑን ያያል፤ የኮቱ ገበር ከዚያ ቀለም ጋር ይስማማ እንደሆነም በሙሉ ቅንነት ይጠይቀዋል። አንባቢው በልብስ ሰፊው ሙያዊ ጭንቀት ሲስቅ፣ ሟቹ ለብዙ ሰዓት በጀርባው ተኝቶ እንደነበር የሚያረጋግጠው ማስረጃ በፊቱ ያልፋል። ፈገግታ ለፍንጭ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ውስጥ ለሚጽፍ ሰው ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ቀልዱ አንድ ወሰን አስቀመጥኩ፤ በሙታን አካል አይቀለድም። የሚወድቅ ክንድ የለም፣ ሽታም የለም፤ መበስበሱ በተነሡበት ሰዓት ቆሟል። ሳቁ የሚመጣው የእነርሱ ትዕግሥት ከሕያዋን ጥድፊያ ጋር ሲጋጭ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤቱ መዘጋቱን ማንም ስላልነገረው ሌሊቱን ሙሉ ወረፋ ይዞ ያድራል፤ ሌላዋ ከመሞቷ በፊት የተዋሰችውን መጽሐፍ ይዛ መጥታ የመዘግየት ቅጣቱ በመቃብር ያሳለፈችውን ጊዜ ይጨምር እንደሆነ ትጠይቃለች።

ከዚህ ጋር አንድ የማይቀለድበት ትዕይንት ያስፈልግ ነበር። ይህን መጽሐፍ ከሚያነቡት መካከል በቅርቡ ሰው የሞተባቸው እንደሚኖሩ አስቤያለሁ፤ የሞተ ሰው በሩን ከፍቶ የሚገባበትን ታሪክ ለእነርሱ እንደ ዋዛ ማቅረብ አልፈልግም። ስለዚህ ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በልማዱ የግድግዳውን ሰዓት ሞልቶ ሲቀመጥ፣ ሚስቱም አጠገቡ ስትቀመጥ የሚያሳየውን ምዕራፍ ያለ አንዳች ቀልድ ጻፍኩት። ቦታውንም ከመጀመሪያው ሢሶ ሳይርቅ አደረግኩት። አንባቢው የእነዚህ ሰዎች ፍቅር እውነተኛ መሆኑን ቀድሞ ሲያምን፣ በኋላ የሚመጣውን ሳቅ ያለ ቅሬታ ይቀበላል።

ሦስተኛው ደንብ ማለትም ጨው ለልብ ሰቀላው አገልግሏል። ገዳዩ መርማሪዋ ወደ ትክክለኛው ጥያቄ እየተጠጋች መሆኗን ሲያይ፣ አትክልተኛው ከሚጠጣበት ማሰሮ ውስጥ ጨው ይጨምራል። ምስክሩ በኃይል አይጠፋም፤ በሰላም ያርፋል፤ ከምስጢሩ ጋር። በዘርፉ ልማድ ሁለተኛ ግድያ ብዙ ጊዜ ታሪኩን ያጨልማል፤ እዚህ ግን አደጋው ከባድ ሆኖ ሳለ ድምፁ ለስላሳ እንደሆነ መቆየት ቻለ። አትክልተኛው ከማሰሮው ይጠጣ እንደሆነ ስወስን አንድ ነገር አልለቀቅኩም፤ ማረፍ ወይም መቆየት የእርሱ ምርጫ እንጂ የገዳዩም የመርማሪዋም ውሳኔ እንዳይሆን። ከሄይቲ የወሰድኩት እምነት ፈቃዱን ስለተነጠቀ ሰው የሚናገር ስለሆነ፣ መጨረሻው ላይ ፈቃዱን የሚመልስለት ታሪክ መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆኖ ተሰማኝ።

በአሠራር በኩል ሁለት ደብተሮች ያዝኩ። በአንደኛው በትክክል የሆነውን በሰዓት ቅደም ተከተል፣ በሌላው አንባቢው በየምዕራፉ የሚያውቀውን ጻፍኩ። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ቆመው ገዳዩ ማን እንደሆነና ለምን እንደጠረጠሩት እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው። እኔን የሚረዳኝ ስሙ ሳይሆን ምክንያቱ ነበር፤ ትክክለኛውን ሰው በደመ ነፍስ የገመተ አንባቢ ስለ ፍንጮቹ ብዙ አይነግረኝም፣ ቀዩን አቧራ ጠቅሶ ወደ ሌላ ሰው የሄደ አንባቢ ግን የትኛው ዐረፍተ ነገር መጠናከር እንዳለበት በትክክል ያሳየኛል።

ሙታኑ ለምን እንደሚነሡ በመጽሐፉ ውስጥ አላብራራሁም፤ የጠየቁኝ አንባቢዎች ቢኖሩም ሐሳቤን አልቀየርኩም። የመንደሩ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የየራሳቸው ግምት አላቸው፣ በየምዕራፉም ይከራከሩበታል፤ ክርክሩ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ሕይወት ይሰጣቸዋል። አሁን በጀመርኩት ሁለተኛ መጽሐፍም ሦስቱ ደንቦች እንደነበሩ ይቀጥላሉ። አዲሱ ሴራ የሚነሣው ነዋሪዎቹ ከመጀመሪያው ጉዳይ ተምረው ሙታኑን ሁሉንም ነገር መጠየቅ ከጀመሩ በኋላ፣ ከተነሡት አንዷ ጥያቄውን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ስትል ነው።