የትኛውን ክፍል ነው የምትወስዱት?

ሰኔ ላይ የበጀት ባለሙያን «እንዴት ነህ?» ማለት ነገር መፈለግ ነው። አሮጌው በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ አዲሱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በመሃል ያለነው እኛ ሻይ እየጠጣን ቁጥር እንቀንሳለን። «እንደምራለን» አላልኩም። በሥራ ዘመኔ ሲደመር ያየሁት ነገር ሪፖርት ላይ ብቻ ነው።

የ2017ቱ ሰኔ ደግሞ የንብረት ታክስ የሚባል፣ በቤትና በቦታ ላይ የሚጣል ነገር ይዞ መጣ። አዋጁ ጥር ላይ በፓርላማ ጸድቋል። ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ፣ ከተሞች ይሰበስባሉ። እኛ ዘንድ ገና የተቆረጠ ነገር አልነበረም። ወሬው ግን ቀድሞን ባሕር ዳርን ዞሮ ጨርሷል። ቡና የምታፈላልን ልጅ ሳትቀር «ጋሼ፣ እውነት ቤት ሊወረስ ነው?» አለችኝ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እናቷም የተወለደች አይመስለኝም። ድንጋጤው ግን በውርስ ደርሷታል።

ኃላፊዬ ጠራኝ። «ቁጥር የምታውቀው አንተ ነህ። ነዋሪውን አንተ አስረዳ» አለኝ። የ2018 ረቂቅ በጀት ውይይትና የንብረት ታክስ ግንዛቤ ማስጨበጫ በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ። ሁለቱን ማጣመር የማን ሐሳብ እንደነበር አልናገርም። «ወጪ ለመቆጠብ ነው» ተባለ። ለሰው በመጀመሪያ ገንዘብ የለንም ብለን፣ ከሻይ መልስ «እናንተስ ስንት አላችሁ?» ልንል ነው ማለት ነው።

አዳራሹ ሽምብጥ አካባቢ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት የለም። ለሦስት ቀን ያዘጋጀሁት ፓወር ፖይንት ፍላሽ ውስጥ እንዳለ ቀረ። በባዶ እጄ ቆምኩና ጀመርኩ።

«የዘንድሮ የበጀት ጣሪያችን ዝቅ ያለ ነው...»

ከኋላ አንድ ድምፅ «የእኛም ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ እሱንም አልማራችሁትም!» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ለእኛ ጣሪያ ማለት ከዚህ በላይ አትጠይቅ የተባለበት የገንዘብ ልክ ነው። ለነዋሪው ግን ጣሪያ ጣሪያና ግድግዳ ነው፤ ከ1968ቱ አዋጅ ጀምሮ በየዓመቱ ተሰልፎ የሚከፍለው የቤት ግብር። እኔ ስለ ኤክሴል አወራለሁ፣ እነሱ ስለ ቆርቆሮ ይሰማሉ። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

ከሻይ በኋላ ወደ ታክሱ ገባሁ። ምሳሌዬን በጣም እወዳት ነበር። «ቤትዎ 2 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። ታክሱ የሚሰላው ከ2 ሚሊዮኑ አይደለም። ሕጉ 25 በመቶውን ብቻ ነው የሚወስደው። ማለትም 500 ሺህ። ከዚያ ላይ ለሕንፃው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታው የመጠቀም መብት ደግሞ ለብቻው ከ0.2 እስከ 1 በመቶ...» እያልኩ ቀጠልኩ። የሕንፃው ብቻ ሲሰላ በዝቅተኛው በዓመት 500 ብር፣ በከፍተኛው 5,000 ብር ይመጣል። 500 ብሩ ላይ ስደርስ ሰው እፎይ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

እፎይ ያለ የለም። አዳራሹ ጭጭ አለ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሩቡን ነው ያልከው?»

«አዎ እማማ፣ ሩቡን ብቻ።»

«እኔ አራት ክፍል ነው ያለኝ። ሩቡ አንድ ክፍል ነው።» በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ሁለቱን አከራይቻለሁ፣ የምበላው ከእነሱ ነው። አንዱ ውስጥ እተኛለሁ። አንዱ ማድቤት ነው። የትኛውን ክፍል ነው የምትወስዱት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። መልስ እየጠበቁ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ሳቅ ነው። «የሚወስደው» ያልኩት እኔ ነኝ። በእኛ ቋንቋ «ይወስዳል» ማለት ለስሌት ይይዛል ማለት ነው። በባለ ቤት ጆሮ ግን መንግሥት «ይወስዳል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው በትክክል ሰሙኝ። የተናገርኩትን ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ሳቁ ጋብ ሲል እንደገና ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሩቡን ማንም አይነካውም፣ ከሩቡ ላይ ነው ትንሽ የምትቆረጠው፣ ቢበዛ ከመቶ 1 ብር፣ ቢያንስ ከሺህ 1 ብር አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እንግዲያ የምትፈልጉት ያቺን ትንሿን ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሩቡን ምን ብለህ ጠራኸው?»

«ለእናንተ ማቅለያ ነው እኮ እማማ።»

«ማቅለያ ከሆነ ዝም ብላችሁ አታቀሉትም? ሰው አስደንግጦ ማቅለል ምን ይሉታል?»

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ማንዋል አላየሁም። ውሃ ጠጣሁ።

ሌሎቹም በረቱብኝ። አንድ ሰውዬ ተነስቶ «መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ትላላችሁ። ባለቤቱ መንግሥት ከሆነ ባለቤቱ ይክፈላ!» አለ። የሚገመተው የመጠቀም መብቱ ነው አልኩት። «ቦታዬ ድረስ መንገድ የለም። ያልተጠቀምኩበትንም?» አለኝ። ሌላው ግምቱ በአምስት ዓመቱ እንደሚከለስ ሰምቶ ኖሮ «ደመወዜንስ በአምስት ዓመት ትከልሱልኛላችሁ?» አለ። ይኼኛው ጥያቄ ለእኔም ይመለከተኝ ስለነበር ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

እኔም አልተሸነፍኩም። የከተማዋ ልማት የሁላችሁንም ቤት ዋጋ ከፍ አድርጓል አልኩ። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ጠቀስኩ፤ 380 ሜትር ርዝመቱን ሳይቀር። የሐይቁን ዳር አነሳሁ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር።

እናትዬዋ እጃቸውን እንኳ ሳያወጡ ገቡበት። «ዋጋው ጨመረ የምትለው ለሚሸጥ ነው። እኔ ሸጬ የት ልሄድ ነው? ድልድዩ አማረ፣ እግዜር ይስጣችሁ። የደጄ ቦይ ግን ስንት ክረምት ተደፍኖ፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ውሃው ማድቤቴ ይገባል። ከምትወስዱት ብር ላይ እሱን ትጠርጉልኛላችሁ?»

አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልተናገርኩም። የዚያ ሰፈር ቦይ ረቂቁ ላይ ነበረ። ከሳምንት በፊት ነው የሰረዝኩት። ጣሪያው ዝቅ ሲል አንድ ነገር መውጣት ነበረበት። ደመወዝ አይነካም፣ ነዳጅ አይነካም፣ የስብሰባ ወጪ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ቦይ ግን አይጮህም። መስመሩን መርጬ «ዲሊት» የሚለውን የተጫነው ይኸው ጣቴ ነው።

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል እማማ» አልኳቸው።

«ተመዝግቧል» የምትለዋን ቃል ማን እንደፈጠራት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ያወቋት ይመስለኛል፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ማምሻውን ስልኬ ጮኸ። ኃላፊዬ ነው። ስለ ስብሰባው ሊገስጸኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ፣ ያቺ የእኔ ቤት እንኳ... ታውቃታለህ አይደል? ፎቋ ገና አላለቀችም። ስንት ይመጣባታል?» አለኝ። ሰላሳ ደቂቃ አወራን። ሩቡን ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። በማግስቱ ያወጣው ሪፖርት «ተሳታፊዎች በቂ ግንዛቤ የጨበጡ ሲሆን ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ይላል። ድምፅ የሰጠ ሰው አላየሁም። ግንዛቤ የጨበጠ ግን አንድ ሰው አውቃለሁ፤ በስልክ ነው የጨበጠው።

እኔም ትምህርቴን ወስጃለሁ። ለሁለተኛው መድረክ ሩብም፣ በመቶም ከአፌ እንዳይወጣ ወሰንኩ። ክብ ቁጥርም ለሰው ተረት ስለሚመስል ተውኩት። ቤት ተቀምጬ ሁሉንም አስልቼ የመጨረሻዋን ብቻ ይዤ ሄድኩ። «1 ሚሊዮን 870 ሺህ ብር የተገመተ ቤት በዝቅተኛው ለሕንፃው በዓመት 467 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል» አልኩ። አጭር፣ ግልጽ።

የፊተኛው ረድፍ ወዲያው እርስ በርሱ መንሾካሾክ ጀመረ።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አለ አንዱ።

«ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌ 70 ሺህ ምን ይሠራለታል? የአንድ ሰው ቤት ነው እንጂ። ስሙን ለምን ትደብቃላችሁ?»

ከጀርባ ደግሞ «እኛ ሳናውቅ ተገምተን አለቅን ማለት ነው» የሚል ተሰማ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰፈሩ በሙሉ የቤቱን ባለቤት ሲፈልግ ዋለ። ሁለት ሰዎች ተጠርጥረው ነበር፤ አንደኛው ተነስቶ ማለ። 50 ሳንቲሟን ከየት እንደምናመጣት የጠየቀም ነበር።

በሦስተኛው መድረክ ኃላፊዬ ራሱ አስረዳ። ክብ ቁጥር ተጠቅሞ፣ ሩቡን ጠቅሶ፣ በጭብጨባ ወረደ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። መብራት ነበረ፣ ፓወር ፖይንቱም የእኔው ነበር።

ሐምሌ ገባ። ያ ሰፈር ከቤቴ ወደ ቢሮ በሚወስደው አቋራጭ ላይ ነው። አንድ ጠዋት በዝናብ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እናትዬዋን አየኋቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው በመጥረጊያ ውሃ ከማድቤታቸው ደጅ ይገፋሉ። አንዱ ተከራያቸው አካፋ ይዞ ቦዩን ይቆፍራል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን የተገጣጠምን መሰለኝ።

ሾፌሩን «በዋናው አስፋልት ዙርልኝ» አልኩት። 20 ብር ጨምር አለኝ። ሳልከራከር ጨመርኩ።